አማትና ዳገት

አለቃም አማትም ከሆኑ ሴት ይሰውራችሁ! የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ግን አልተሰወረም፤ ዋና አርታኢዋ የሚስቱ እናት ናቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ «ጎሽ» ብለውት አያውቁም። ቀይ እስክሪብቷቸው ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ያቺን አንዲት «ጎሽ» ለመስማት ሰውዬው የማይሆነው የለም።

የቢሮው ደንብ ደግሞ ጉድ ነው፤ በተግባር ያልተሞከረ ቃል መዝገብ አይገባም። ሁለቱ አብረው ይሞክሩና የቃሉ ካርድ ላይ ይፈርማሉ። «አደጋ» የሚለው ቃል የተሞከረ ዕለት የሆነውን ባናነሳው ይሻላል።

ያን ጠዋት ተራው የእንግሊዝኛው «አክሊቪቲ» ሆነ። አዘጋጁ ሥሩን ቆፍሮ አገኘው፤ ላቲኖች ተዳፋትን «ክሊቩስ» ይሉታል፣ ከፊቱ «ወደ» የምትል ቃል ጨምረው ሽቅብ የሚሄድ ተዳፋት አደረጉት። እንግሊዞች ወስደው መጽሐፍ ውስጥ ቆለፉበት፤ አፋቸው ላይ እምብዛም አይገኝም። እኛ «ዳገት» ብለን በሦስት ፊደል እንገላገላለን።

ከቢሮው ጀርባ ያለው መንገድ ወገብ የሚቆርጥ ዳገት ነው። አዘጋጁ ጉልበቱን እያሻሸ ወጣው። አማቱ በታክሲ ዞረው ጫፉ ላይ ጠበቁት።

«ይኸው አክሊቪቲ!» አለ እያለከለከ።

«የቱ? ለእኔ የሚታየኝ ቁልቁለት ነው» አሉና ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ።

«እማማ፣ ዳገት እኮ ከታች ነው የሚታየው።»

«እንግዲያው ወርጄ አየዋለሁ!»

ተያይዘው ወረዱ። መውረዱስ ቀላል ነበር። ሲመለሱ ግን አማት ግማሹ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፣ ትንሽ ከፍ እንዳሉ የአማቻቸውን ቀበቶ ጨመደዱ። እንደ ተበላሸ መኪና ጎትቶ አወጣቸው። ጫፍ ሲደርሱ ለእርማት የሚሆን ትንፋሽ አልነበራቸውምና ዝም ብለው ፈረሙ። ሰውዬው በደስታ ሊያብድ ምንም አልቀረው።

«ቀጣዩስ ምንድን ነው?» አሉ ነፍስ ሲዘሩ።

ካርዱን ገለጠ።

«አኮሌድ። ሙገሳ ማለት ነው፤ ጥንት አንገት ማቀፍ ነበር ይላል።»

«እሱን እለፈው።»

«ደንብ ነው እኮ እማማ! ማቀፉ እንኳ ይቅር፣ አንድ ደግ ቃል ይበቃኛል።»

አማቱ እሱን አዩት። መንገዱን ቁልቁል አዩት። እንደገና እሱን አዩት።

«ከዚህስ ዳገቱን ደግሜ ብወጣው ይሻለኛል» አሉና ጫማቸውን አንጠልጥለው መውረድ ጀመሩ።