የጠፋው ሃምሳ ስምንተኛ ጥያቄ

1.

«ስልሳ አንድ፣ ቢ። ስልሳ ሁለት፣ ዲ። ስልሳ ሦስት፣ ኤ።»

«ጥያቄውስ?» አልኳት።

«የምን ጥያቄ?»

«ቢ የተባለው ጥያቄ ምን ይላል?»

«እታለም ደግሞ! ጥያቄው አይሸመደድም እኮ። የሚሸመደደው መልሱ ነው።»

2.

ሐመልማል የእህቴ ልጅ ናት፤ አብራኝ ትኖራለች። በነርስነት ተመርቃለች፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ግን ሁለቴ ወድቃለች። ጤና ጣቢያው በጊዜያዊነት ቀጥሯታል። በዚህኛው ካላለፈች ውሏ ይቋረጣል፤ ደብዳቤው ደርሷታል። ፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

እኔ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የአማርኛውን ፊደል ከጸሎት መጽሐፍ፣ የእንግሊዝኛውን ከምጥላቸው የመድኃኒት ካርቶኖች ለቃቅሜያለሁ። ይህን በቁጥር የከፋፈልኩት ለማሳመር አይደለም። ተናድጃለሁ። የተናደደ ሰው ይዘባርቃል፤ ቁጥሩ ልጓም ይሁነኝ ብዬ ነው።

3. ዘዴ፦ ቡድን

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ እሷ ሁለቴ የወደቁ ተፈታኞች ሰባት ሆነው እኔ ቤት ይሰበሰባሉ። አለቃቸው አቤኔዘር ነው። በቴሌግራም የተላከላቸው መቶ የድሮ ጥያቄ አላቸው፣ ከነመልሱ። ጥያቄው ስለሚደጋገም ፊደሎቹን በቃል ይይዛሉ። እንዳይጠፋቸውም በዜማ ይሏቸዋል።

ዜማውን አወቅሁት። በንግሥ ቀን ታቦት ስንሸኝ የምንዘምረው ነው።

እግዚአብሔር ስንቱን ታግሷል፣ እኔም ልታገሥ አልኩ።

4.

ስልሳ አንድን ግን አልታገሥኩም። «አንብቢልኝ» አልኳት። ከስልኳ ላይ እየተረጎመች አነበበች። ሰውነቱ ውስጥ ፖታሲየም ላነሰው ሕመምተኛ ፖታሲየም በደም ሥር ታዝዞለታል፤ ነርሷ ምን ታደርጋለች?

ቢ፦ ሳትበጠብጥ በመርፌ በቀጥታ ትገፋለታለች።

ዲ፦ በሚንጠባጠብ ፈሳሽ ውስጥ በጥብጣ ቀስ ብሎ እንዲገባ ታደርጋለች።

ልጄ የሸመደደችው ቢን ነው።

5.

ክፍል አራት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከምሳ በኋላ። አልጋው ሥር እየወለወልኩ ነበር። ሴትዮዋ ተቅማጥ አድክሟት የገባች ናት። እየዳነች ነበር፤ ጠዋት ስለ ልጇ ሠርግ አውርታኛለች። አዲሷ ነርስ መጣች፤ ሁልጊዜ ቀድማ ሰላም የምትለኝ፣ ጨዋ ልጅ። ብልቃጡን ሰበረች። በመርፌ ሳበች። ገፋች።

«ክንዴን አቃጠለኝ» አለች ሴትዮዋ።

ከዚያ





ከዚያ ወዲህ ያ መድኃኒት ለብቻው ይቆለፍበታል። የወደቀውን ካርቶን ግን እኔ አነሳሁት። ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ ፖታሲየም።

6. የቅዳሜ ንግግር፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ

እኔ፦ ልጆች፣ ስልሳ አንድ ተሳስቷል።

አቤኔዘር፦ እማማ፣ ከዋናው ፈተና የወጣ መልስ ነው።

እኔ፦ ሰው ይገድላል!

አቤኔዘር፦ ይገድላል፣ እናውቃለን። ለፈተናው ግን ቢ ነው።

እኔ፦ ለፈተናው ሌላ፣ ለሰው ሌላ?

ብርቅነሽ፦ (ከቡድኑ አንዷ፣ እየሳቀች) እትዬ፣ ፈተናውን ሳናልፍ ሰው ጋ መቼ ደርሰን!

እኔ፦ ታዲያ ሁለቴ ለምን ወደቃችሁ?

አቤኔዘር፦ አይቀየሙኝ እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁት መጥረጊያ ነው።

ሐመልማል፦

7.

ከስሟ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። ምንም አላለችም። ከመጥረጊያው ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

8.

ሲሄዱ ስልኳን ተቀብዬ፣ ጥያቄዎቹ ሳይተየቡ በፊት የተነሱትን የፈተናውን ወረቀት ፎቶዎች አንድ በአንድ አየሁ። አንደኛው ገጽ ሃምሳ ሰባት ላይ ያልቃል። ቀጣዩ ከሃምሳ ዘጠኝ ይጀምራል። ሃምሳ ስምንት ያለበት ቦታ ላይ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ተጋድሟል። ጥያቄዎቹን በኋላ የተየበው ሰው ሃምሳ ዘጠኝን «ሃምሳ ስምንት» ብሎ ቀጠለ። የመልሱን ዝርዝር ግን አልነካውም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ ሁሉ የጎረቤቱን መልስ ይዞ ቀረ። የፖታሲየሙ ትክክለኛ መልስ ዲ፣ ስልሳ ሁለት ላይ ተቀምጧል። ለሐመልማል አሳየኋት።

ቴሌግራሙ ላይ መቶ ሃያ ሰው አለ። ሁለት ዓመት ሸመደዱት። ጥያቄውን ከመልሱ ጋር አስተያይቶ ያነበበ አንድ ሰው የለም።

አንድ።

9. ዘዴ፦ ለማያውቅ ማስረዳት

አንድ ገጽ አንብቢ። መጽሐፉን ዝጊ። ፊትሽ ለተቀመጠች፣ ትምህርት ቤት ላልገባች ሴት አስረጂ። «ገባኝ» እስክትልሽ አትለፊ። በይሉኝታ «ገባኝ» እንዳትልሽ አስቀድመሽ ቃል አስገቢያት።

«አሥር ቀን ነው የቀረኝ እታለም! አሥር ቀን!»

«ለፊደሉ ሁለት ዓመት ነበረሽ።»

በሩን በላዬ ላይ ወርውራው ወጣች። ስትመለስ መጽሐፉን ታቅፋ ነበር። ለቡድኑ «ዝርዝሩ ተዛብቷል፣ እኔ ትቼዋለሁ» ብላ ጻፈችላቸው። የመለሰላት የለም።

10.

ኩላሊትን አስረዳችኝ። አልገባኝም። ደገመችው። አልገባኝም።

«ምን ዓይነት ድንጋይ ነሽ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሁለታችንም ሳቅን።

በሰባተኛው ቀን የፖታሲየም ተራ ደረሰ። «ልብ የሚመታው ጨዎቹ ተመጣጥነው ነው» አለችኝ። «ይሄኛው ሲያንስ ምቱ ይዛባል። በአንዴ ሲጎርፍበት ግን ይቆማል።»

«ገባኝ» አልኳት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አላስረዳኝም ነበር።

11.

ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ አቤኔዘር ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«ሐሙዬ፣ እማማ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከየት ጀምሮ እንደተዛባ ግን ጠፋን። ያስተካከልሽውን ፊደል ላኪልን፤ ዛሬውኑ እንይዘዋለን።»

«ጥያቄዎቹንስ ታነባላችሁ?»

«ሐሙ፣ ነገ እኮ ነው!»

የተከፈተውን መጽሐፍ ዘጋችው።

«እኔም ደብዳቤው ደርሶኛል» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ብርቅነሽም። ታውቂያለሽ።»

ልጸልይ ሞከርኩ። ጸሎቱ አፌ ላይ ቁጣ ቁጣ አለኝ።

12.

ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እታለም፣ ልላክላቸው?»

ይህን የምታነቡ፣ አንድ ቀን ታማችሁ ለአንዷ ነርስ ክንዳችሁን የምትዘረጉ፣ እናንተ መልሱላት። ፊደል አልቀበልም። ምክንያታችሁን ጻፉ።

መልስ፦