ሄልሜት የማይገባበት ሹሩባ

ሹሩባ ሠሪዋ አንድ መጥፎ ልማድ ነበረባት። በመንገዱ ላይ ሞተር ባለፈ ቁጥር እጇ ይደነግጣል፤ እጇ ሲደነግጥ የያዘችውን ፀጉር ትስባለች፤ ፀጉሩ ሲሳብ ደግሞ ባለፀጉሯ «ወይኔ!» ትላለች። ደንበኞቿ ስለለመዱት አይቀየሟትም። እንዲያውም የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ የወንበሩን እጀታ ጨብጠው ይጠብቃሉ። «ቻይው እህቴ፣ መጣልሽ!» ይባባላሉ።

ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ያቺው አንድ ልጇ ደግሞ እንጀራዋ በሞተር ነው። ከየክሊኒኩ የደም ናሙና እየሰበሰበች ለትልቁ ላቦራቶሪ ታደርሳለች። ሥራውን የጀመረች ሰሞን እናት እህል አልወርድ አላት። በአራተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደችና አለቃውን «ልጄ የምትወድቅ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ» አለችው።

አለቃው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ መጋዘን ወሰዳትና የልጅቷን ዕቃ አንድ በአንድ አሳያት። ክርኑና ትከሻው ላይ ጠንካራ ስፖንጅ የገባበት ጃኬት፣ ጓንት፣ እስከ ቅልጥም የሚደርስ ቦት ጫማ፣ የጉልበት መከላከያ፣ በመጨረሻም ነጭ ሄልሜት። እናት ሄልሜቱን ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቷ አንኳኳችው፤ ጆሮዋንም አስጠግታ አዳመጠችው።

«ይኼ ጭንቅላቷ ላይ ካለ ይሁን» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ የጠዋት ስንብቷ አንድ ቃል ብቻ ሆነ።

«ሄልሜትሽን!»

«ይዣለሁ እማዬ!»

እውነትም ይዛዋለች። ክርኗ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች፤ «መታጠፊያው ጋ አደርገዋለሁ» ትልና ሞተሯን አስነስታ ትሄዳለች። እናት ልጇ እስክትታጠፍ በሩ ላይ ትቆማለች። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ፈጣሪ ይወቀው።

የሚሠሩባት ቤት አንዲት ክፍል ናት። ግማሿ የሹሩባ ሠሪዋ ነው፤ መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ መሬት ላይ ለሚቀመጡ ደንበኞች አንድ ወፍራም ትራስ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የጓደኛዋ የልብስ ሰፊዋ ነው። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ አይታይም እንጂ አፏ መጋረጃ አያግደውም፤ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች በሁሉም ወሬ ትገባለች።

ሹሩባ ሠሪዋን ያስጠራት አንድ አሠራር ነው። ቀጫጭን ጉንጉኖች ከግንባር፣ ከጆሮ ግንድና ከማጅራት ተነስተው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መሀል አናት ላይ ይገናኙና በዊግ ተጠናክረው እንደ ግንብ ይቆማሉ። ደንበኞቿ «ማማው» ይሉታል። ማማውን እንደ እሷ አድርጎ የሚያቆም እጅ በከተማው የለም። ለልጇም በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ የታመመ ጉልበቷን እያሸች፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ማማውን ትሠራላታለች። ስትጨርስ መስታወቱን ከኋላ ትይዝላትና «እይው እስቲ፣ ምን ይወጣለታል?» ትላለች። ልጅቷም «ምንም» ትላለች።

አንድ ረቡዕ ዳቦ ሻጯ መጣች። በአደባባዩ ጥግ ቅርጫቷን ዘርግታ የምትውል፣ ሳቂታ ወጣት ናት።

«እትዬ፣ የልጅሽን ዓይነት ነው የምፈልገው። ልክ እሱን ራሱን።»

«ማማውን ነዋ!»

«ስሙን አላውቅልሽም። ትናንት በአደባባዩ ስትዞር አየኋት። ንፋሱ ይጮኻል፣ አቧራው ይጨሳል፣ እሷ ግን አንዲት ፀጉር አልተነቃነቀባትም! ዳቦ የሚገዙኝ ሁሉ ዞረው ነው ያዩዋት።»

እናት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማበጠሪያውን አነሳች፤ አንደኛውን ጉንጉን ሠራች፣ ሁለተኛውን ሠራች፣ ሦስተኛውን ጨረሰች። አራተኛውን ስትጀምር እጇ ቀጥ አለ። ዳቦ ሻጯ ወንበሩን ጨበጠች፤ ነገር ግን ምንም ሞተር አላለፈም።

«ትናንት ነው ያልሽኝ?»

«ትናንት። ዛሬም አልፋለች።»

«ሞተሩን አቁማ ነበር?»

«ኧረ እየነዳች! ሽው ብላ ነው ያለፈችው።»

«ሄልሜቱስ?»

«ሄልሜቱማ ከኋላ ሳጥኑ ላይ ታስሮ ነበር፤ እንደ እመቤት ተቀምጦ።»

ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ዝም አለ። ያ መኪና ያለምክንያት ዝም ብሎ አያውቅም።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለች እናት ወደ መጋረጃው ዞራ።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«እና አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽማ የስንቱን ፀጉር ከሥሩ ትነቅይው ነበር!»

ዳቦ ሻጯ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «እትዬ፣ የኔን ግን ትጨርሽልኛለሽ አይደል?»

ጨረሰችላት። 

አመሻሹ ላይ ልጅቷ ስትገባ እናት የሞተሯን ድምፅ ሰምታ በሩን ከፍታ ነበር የምትጠብቃት። ጃኬቷን ለብሳለች፣ ጓንቷን አጥልቃለች፣ ቦት ጫማዋም እግሯ ላይ ነው። ሄልሜቱ ክርኗ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቁጭ በይ» አለች እናት።

«ምነው እማዬ? ደህና አይደለሽም?»

«ያ ከኋላ የምትጭኚው ሳጥን ውስጡ ምንድን ነው?»

«ታውቂው የለ፤ የደም ናሙና።»

«እንዴት አድርገሽ ነው የምትይዥው?»

«በስፖንጅ እጠቀልለዋለሁ፣ በረዶ አደርግለታለሁ፣ ክዳኑን እቆልፋለሁ፣ በገመድ እ...» ልጅቷ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባትና አፏን ዘጋች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አለች እናት። «የማታውቂውን ሰው ደም በስፖንጅ ጠቅልለሽ፣ ያንቺን ደም በባዶ አናት! ሄልሜቱን ለሳጥኑ ያደረግሽለት የሚወድቀው ሳጥኑ ነው?»

«እማዬ፣ ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነዳው። ደግሞ ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል አልሰማሽም?»

«በቀልድ አታመልጭኝም። አምጪው ወዲህ!»

ሄልሜቱን ከክርኗ ነጥቃ አናቷ ላይ ደፋችው። አልገባም። ማማው ላይ ጉብ ብሎ፣ ሞልቶ በተጣደ ድስት ላይ እንዳለ ክዳን፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ተጫነችው። «አመመኝ!» አለች ልጅቷ። አዞረችው፣ በግራ ሞከረች፣ በቀኝ ሞከረች። ማማው ልክ እሷ እንዳሠለጠነችው አልጎነብስም አለ።

እናት ሄልሜቱን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ጓንቷን አወለቀች። «ምን ብዬ ልንገርሽ? በዚያ ጉልበትሽ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለሽ የሠራሽውን፣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ልደፍጥጠው? ደግሞ መንገድ ላይ ሁሉም ‹ማን ሠራልሽ?› ነው የሚለኝ። ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ የለው። ያንቺ ሰሌዳ የኔ ራስ ነው ብዬ ነው።»

እናት ሄልሜቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ «ሄልሜትሽን!» ብላ የምትጮኸው እሷ፤ እሑድ እሑድ ሄልሜቱ የማይገባበትን ግንብ የምትገነባው እሷ። ያስፈራት ነገር ከራሷ ጣት ነበር የወጣው። ማልቀስም መሳቅም አማራት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

«አይ አንቺ ልጅ» አለች በመጨረሻ። «ሰሌዳ ቢሰበር እንጨት ቤት ይሠራዋል። ነይ፣ ትራሱ ላይ ቁጭ በይ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልፈታው።»

«ሦስት ሰዓት የፈጀብሽን?»

«ስሠራው የፈጀብኝን ስፈታው አልቆጥረውም።»

መፍታቱ ቀላል ሆነ። የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐሙስና ዓርብ ልጅቷ ፀጉሯን ዝም ብላ በጨርቅ አስራ፣ ሄልሜቱን አድርጋ ዋለች። ዓርብ ማታ ሄልሜቱን ስታወልቅ ፀጉሯ የድስት መፈግፈጊያ መስሎ ነበር። ላቡ አሳክኳታል፣ ቋጠሮው ማጅራቷን ወግቷታል። «ለዚህ ነው መሥሪያ ቤታችን ያሉት ሴቶች የማያደርጉት» አለች ማበጠሪያው ሲይዛት እየጮኸች። «ወንዶቹ ምን አለባቸው፣ ተላጭተው ነው የሚመጡት።»

እናት ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ነገሩን ልቧ ውስጥ አስገብታው ነበር። አንድ ፀጉር ሠሪ ፀጉሩ የሚያርፍበትን ቦታ ሳያውቅ እንዴት ይሠራል? ቅዳሜ ልጅቷ ዕረፍት ስለሆነች ሄልሜቱ ቤት ዋለ። እናት ጠዋት ተነስታ ፊቷን ታጠበች፤ ሄልሜቱን ራሷ ላይ አደረገች፤ ማሰሪያውን ከአገጯ ሥር ቆለፈችና ሥራዋን ጀመረች።

ቅዳሜ ደግሞ ደንበኛ የሚበዛበት ቀን ነው። የገባ ሁሉ በሩ ላይ ይቆማል።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሥራ ላይ ነኝ። ተቀመጪ።»

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ገልጣ አየቻትና መቀሷን ጥላ ሳቀች። «ምነው እቴ፣ ከወንበሩ እንዳትወድቂ ነው? ወይስ ጣሪያው ሊወርድብን መሆኑን ሰምተሻል?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። የሚጠብበትን ቦታ ሳታውቂ ቀሚስ ትሰፊያለሽ?»

«እኔማ በጠመኔ ነው የማውቀው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ልብሱ የት ጋ እንደሚይዝ ጠመኔ ይነግረኛል።»

እናት የያዘችውን ፀጉር ለቀቀች። «እስቲ ጠመኔሽን አምጪልኝ» አለች፤ ድምጿ ሄልሜቱ ውስጥ እንደ ጉድጓድ እየጮኸ።

እስከ ማታ ብዙ ነገር አወቀች። ከጆሮ በላይ እንደሚጫን፣ አናት ላይ ሙቀቱ እንደሚጠራቀም፣ ቋጠሮ ያለበት ቦታ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጠር እንደሚሆን። ማሰሪያው ሲላላ ደግሞ ሄልሜቱ ወደ ዓይን እንደሚንሸራተት፤ ሳይቆለፍ ከተደረገ ከባርኔጣ እንደማይሻል።

እሑድ ጠዋት ልጇን ትራሱ ላይ አስቀመጠች። ዊጉን ወደ ጎን አደረገች። ጉንጉኖቹን ቀጫጭንና ጠፍጣፋ አድርጋ፣ ከግንባር ሳታጠብቅ ጀምራ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ነዳቻቸው። ስትጨርስ ጠመኔውን ፈጭታ የሄልሜቱን ስፖንጅ ቀባችና «እስከ መታጠፊያው ደርሰሽ ነይ» አለቻት።

ልጅቷ ደርሳ መጣች። ሄልሜቱን ስታወልቅ ከጆሮዋ በላይ ሁለት ነጫጭ ክቦች፣ አናቷ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ።

«ዱቄት ነጋዴ መሰልሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ለዚሁ ብላ በእሑድ ቀን መጥታ ነበር።

እናት ነጩን ቦታ ሁሉ ፈታች። ከጆሮ በላይ ያሉትን ጉንጉኖች ወደ ታች አጠመመቻቸው፤ አናት ላይ የተገናኙትን ለያየቻቸው። የሁሉንም ጫፍ ማጅራት ላይ፣ ከሄልሜቱ ከንፈር ዝቅ ብሎ፣ አንድ ላይ ገመደችው። እንደገና ጠመኔ፣ እንደገና እስከ መታጠፊያው። በዚህኛው ጊዜ ነጩ እንደ ስስ ጉም ራሷን ሙሉ እኩል ለብሷት መጣች።

«አመመሽ?»

«የለም።»

«ወጋሽ?»

«እማዬ፣ ራሴ ላይ መኖሩን ረስቼው ነበር።»

እናት መስታወቱን ከኋላ ያዘችላት። ማማ የለም፣ ግንብ የለም። ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ፣ መስመሩ የጠራ ሥራ ነው። ከሠራቻቸው ሁሉ በልፋት የሚበልጠው ይሄ ነው፤ የሚያየው ሰው ግን አይኖርም። ትንሽ ቆጫት፤ መቆጨቷን መደበቅ አልቻለችም። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሄልሜቱን ስታደርግና ማሰሪያው «ቀጭ» ብሎ ሲቆለፍ ግን ቁጭቱ የት እንደገባ ጠፋባት።

በሳምንቱ ከልጅቷ መሥሪያ ቤት ሁለት ሴቶች ሄልሜታቸውን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። «የሷን ዓይነት» አሉ። እናትም ጠመኔዋን አወጣች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ዳቦ ሻጯ ሹሩባዋን ልታሳድስ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ልጅሽ ሥራ ለቀቀች እንዴ?»

«ኧረ አለች።»

«ታዲያ ምነው አጣኋት? በአደባባዩ የሚያልፈው ራሱ እንደ እንቁላል የነጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። በየቀኑ ጥሩምባ ይነፋልኛል፤ ማን እንደሆነ አላውቀውም።»

እናት ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሳቋ ከሆዷ ነበር የመጣው። ከመጋረጃው ወዲያም የስፌት መኪናው ቆመና አብሮ የሚስቅ ድምፅ ተሰማ።

«እሷ ናት» አለች እናት። «እንቁላሏ እሷ ናት።»

«በሞትኩት! ሹሩባዋስ?»

«አለ፣ ከሥሩ።»

«ታዲያ ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ። ማታ ማታ፣ ስታወልቀው።» ማበጠሪያውን አነሳች። «ላንቺስ? ማማው ይሁን?»

«ማማው ይሁንልኝ።»

«ይሁን። አንቺ ዳቦ ነው የምትሸጪው፤ ቅርጫት ላይ ተቀምጦ የወደቀ የለም።»

አንደኛውን ጉንጉን ሠራች፣ ሁለተኛውን ሠራች። ሦስተኛው ላይ ሳለች ከመታጠፊያው ወዲያ የሞተር ድምፅ መጣ። ዳቦ ሻጯ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ የወንበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨበጠች። ድምፁ ቀረበ፣ በሩ ፊት ለፊት አለፈ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። የእናት ጣቶች ሥራቸውን አላቋረጡም።

ዳቦ ሻጯ አንድ ዓይኗን ከፍታ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «እትዬ፣ ምነው ዛሬ አልሳብሽኝም?»

«ከናፈቀሽ ልሳብሽ» አለችና አራተኛውን ጉንጉን ጀመረች።