ንብ የማይነድፋት ይመኙሽ

«እኔን ንብ አይነድፈኝም» ትላለች ይመኙሽ። ጎንደር ፒያሳ ከምትሸጥበት ሱቅ የስልክ ከቨር ሊገዛ ለገባ ሁሉ፣ ሳይጠይቃት ትነግረዋለች። «ግብርና ኮሌጅ እያለሁ ሦስት ዓመት የንብ ክበብ አባል ነበርኩ። ሌላው ፊቱ ድንች ሲያክል እኔን አንድ ቀን እንኳ አልነኩኝም። ደሜ ነው መሰለኝ።»

ከጎንደር ወጣ ብላ ፀዳ በምትባል ከተማ የሚገኘው የኮሌጁ ክበብ አንድ ሸጋ ልማድ አለው። ተመርቆ ሥራ የያዘ ልጅ ተመልሶ ለክበቡ የሆነ ነገር ይሰጣል፤ ፎቶውም የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እስካሁን የተሰቀሉት ስድስት ናቸው። ከላይ ሆኖ ጥርሱን የሚያሳየው፣ ክንዱ የሚባል አብሯት የተመረቀ ልጅ ነው። የሰጠው ጓንት ነው፤ እሱም የግራው ብቻ። ይህ ነገር ይመኙሽን እንቅልፍ ነስቷታል። ከክንዱ በላይ ካልተሰቀለች አይሆንላትም።

ስለዚህ አዲ አርቃይ ካለች አክስቷ ዘንድ ሄዳ፣ ንብ የሞላበት ቀፎ ለምና ተቀበለች። አፉን በእበት ደፍና፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ፣ አይሱዙ ላይ አስጭና በጠራራ ፀሐይ ጎንደር ገባች። ቤቷ ጎራ ብላ ለፎቶው ፀጉሯን ተተኮሰች፤ ሽቶዋን ከግማሽ በላይ ተርከፈከፈች። ከዚያ ቀፎውን ታቅፋ ባጃጅ ያዘች።

«እህት፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያጉረመርመው?» አለ ሾፌሩ።

«ስልኬ ነው። ቫይብሬት ላይ ነው።»

«አታነሺውም እንዴ?»

«የተጣላሁት ልጅ ነው።»

ሾፌሩ እስከ ፀዳ ድረስ «ኧረ ይቅር በይው፣ ይሄን ያህል የሚደውል ይወድሻል» እያለ ሲመክራት ሄደ።

ኮሌጁ ግቢ የክበቡ ልጆች ተሰልፈው ጠበቋት። ፊት የቆመችው የዘንድሮዋ ሰብሳቢ ሐረገወይን ናት። ከጎኗ አያ ምናለ አሉ፤ የኮሌጁን ንብ ሲጠብቁ ያረጁ ሰው ናቸው። ይመኙሽ ገና ስትጠጋቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ምነው፣ ንብ በቀን ታጓጉዣለሽ?»

«በማታ ማን ያየኛል፣ አያ ምናለ?»

ሐረገወይን ስልኳን አወጣች። «በደንባችን ስጦታውን የሚከፍተው የሰጠው ሰው ነው። ፎቶ የምናነሳውም ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አይደገምም።»

የይመኙሽ ፈገግታ ትንሽ ከሰም አለ። «እሺ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ ነው፤ ተቆልፏል» አሉ አያ ምናለ።

«የመምህራኑስ?»

«እሱም።»

ሐረገወይን የፊት መሸፈኛ ዘረጋችላት። ይመኙሽ ግን የክንዱን ጥርስ አሰበች። ፊቷ ተሸፍኖ ከተሰቀለች ማን ብለው ሊያውቋት ነው? «ይቅርብኝ፣ እኔን አይነድፉኝም» አለች። የቀሩት ተሸፋፍነው ሃያ እርምጃ ያህል ራቁ።

እበቱን ፈለፈለችው። ምንም የለም። ጸጥ።

«አያችሁ፣ ያውቁኛል» ብላ ወደ ስልኩ ዞረች፤ ለንግግር ጉሮሮዋን ጠረገች። «ውድ ታናናሾቼ» ከማለቷ አንዲት ንብ መጥታ ከንፈሯ ላይ አረፈች። ከዚያ ያ የተጣላችው ልጅ ባንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው ይደውል ጀመር።

ይመኙሽ ሮጠች። አንድ ጫማዋ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ ቀረ። የተተኮሰው ፀጉሯ ንብ መስሎ እስኪታይ ድረስ ግቢውን ሁለቴ ዞራ፣ የከብቶቹ ውሃ መጠጫ ገንዳ ውስጥ ዘላ ገባች። ውሃ የለም መባሉን ረስታዋለች። ያገኘችው ጭቃ ነው።

አያ ምናለ ጭስ ይዘው ደርሰው አወጧት። ሐረገወይንም መጥታ የተነሳውን ፎቶ አሳየቻት። አንድ ዓይን የለም፣ ከንፈሩ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ጫማም የለም።

«ይሄ ነው የሚሰቀለው?» አለች ይመኙሽ፣ ያበጠ ከንፈሯ እየተያዘባት።

«ይሄው ነው። ደንብ ነው።»

«ከክንዱ በላይ?»

«ከክንዱ በላይ።»

ይመኙሽ ትንሽ ተጽናናች። ቢሆንም ነገሩ አልገባትም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነኩኝ ንቦች ዛሬ ምን ሆኑ፣ አያ ምናለ?»

አያ ምናለ ከግንባሯ ላይ እሾሁን እየነቀሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱላት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቀፎ ስንከፍት ሽንት ቤት ነበርሽ እኮ።»