ያላየሁት ዓይን

በጭቃ አላሳብብም። ሰኔ ነበር፤ ከቡሬ እስከ እትዬ ታንጉት መንደር ድረስ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል፤ እኔም መሄድ አልፈለግሁም። ይኸው ነው።

የተቀጠርሁበት ሥራ የክትትል ጥናት ነው። ዓይናቸው ጤነኛ የሆነ ሁለት መቶ ሕፃናት መዝግበናል፤ ግማሾቹ የጉድጓድ፣ ግማሾቹ የወንዝ ውሃ ይጠቀማሉ። በየወሩ ቤታቸው ሄደን ዓይናቸውን እናያለን፤ የቀላ ካገኘን ቅባት ሰጥተን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። በሁለት ዓመት ውስጥ የትኞቹ ይበልጥ እንደታመሙ ይነጻጸራል። አስተባባሪያችን ትሕትና በሥልጠናው ላይ፣ «አንድ ቀን ጠይቆ መመለስ ሌላ ዓይነት ጥናት ነው። የእኛ መመላለስ ነው። ያላያችሁትን ልጅ መዝገብ እንዳትሞሉ» ብላን ነበር። ከሁሉ ቀድሜ በእሺታ ራሴን የነቀነቅሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ፣ ቡሬ ገበያ አጠገብ እትዬ ታንጉትን አየኋቸው። የአራት ዓመት ልጃቸው ያምሮት እኔ ከምከታተላቸው አንዷ ናት። ከተሳፈርሁበት ባጃጅ ሳልወርድ፣

«እንዴት ሰነበቱ እትዬ? ልጆቹስ?» አልኋቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናቸው።»

እዚያው ተቀምጬ መዝገቡን አወጣሁና በያምሮት ስም ትይዩ «ጤነኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ቅባቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በእኛ አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መንገድ ላይ ሲጠየቅ ደህና ነን እንደሚል አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የሞላሁት።

በሐምሌ ትሕትና ለቁጥጥር አብራኝ መጣች። ያምሮት ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ አለች። የግራ ዓይኗን ብሌን ነጭ ጠባሳ ሸፍኖታል። ትሕትና ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ጋርዳ፣ «ይኼ ስንት ጣት ነው?» አለቻት። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ጣቶቹን በዳበሳ ፈለገች።

«መቼ ጀመራት?»

«በሰኔ ሚካኤል ሰሞን።»

ትሕትና መዝገቡን ገልጣ ምልክቴን አየች። «በጊዜ ቢታይ ይድን ነበር» አለች። ወደ እኔ ጠቁማም፣ «ዘሚካኤል በሰኔ እዚህ መጥቶ ነበር?»

እትዬ ታንጉት ቀና ብለው አዩኝ።

«መጥቷል» አሉ። «እሱ ምን ጥፋት አለው? ያን ጊዜ ደህና ነበረች።»

እፎይ አልሁ። ከሁሉ በላይ የማፍረው በዚህች እፎይታ ነው።

ትሕትና ለሆስፒታሉ ልትደውል ወደ ደጅ ስትወጣ ጠጋ አልኋቸው። «እትዬ፣ አልመጣሁም እኮ። ለምን ዋሹልኝ?»

«ገበያ ላይ ጠይቀኸኝ የለም? ከዚያ ሁሉ ሰው ልጆቹስ ያልኸኝ አንተ ብቻ ነህ። እኔ ነኝ እንጂ፣ በመንገድ ክፉ ማውራት ነውር መስሎኝ ልጄን ያሳወርኋት።» በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ወደ ደጁ ዞሬ፣ «ትሕትና! በሰኔ አልመጣሁም። ልጅቷን አላየኋትም» አልሁ፤ ይበልጥ እሳቸው እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ።

እትዬ ታንጉት ነጠላቸውን ከፊታቸው ሳያነሱ፣ «ኧረ መጥቷል» አሉ።