ጫማ አውልቀው የሚሰሙት አልበም

«ለተከበራችሁ የሙዚቃ አፍቃሪዎች፣ ለውድ ደንበኞቻችን፣ እንዲሁም በአጋጣሚ በዚህ በር ለምታልፉ ሁሉ! በመጪው እሁድ ከምሳ በኋላ በመደብራችን በሚካሄደው ታላቅ የአልበም ምረቃ ላይ የሚገኝ ማንኛውም አድማጭ ጫማውን በር ላይ የማውለቅ ግዴታ ያለበት መሆኑን፣ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደበትም ያልተቀደደበትም በእኩልነት የሚስተናገድ መሆኑን፣ ሆኖም ካልሲው ከመቀደድ አልፎ መሽተት የጀመረበትን ሰው ዝግጅት ክፍሉ በታላቅ ሐዘን ከበር የሚመልስ መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን። ዝግጅት ክፍሉ።»

ዝግጅት ክፍሉ ማለት አንድ ሰው ነው። ማስታወቂያውን ራሱ ጻፈ፣ ራሱ አረመ፣ ራሱ አጸደቀ። ከዚያም በታላቅ እህቱ የፍራሽ መሸጫ መስታወት ላይ ለጠፈው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎም ራሱ አደነቀው። የሰፈር ሰው ሹክሹክታ ይለዋል። ሲያወራ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሲዘፍን ግን ምስጢር የሚነግር ይመስላል። እሱን ለመስማት ሰው ትንፋሹን መዋጥ አለበት።

እህቱ ከውስጥ ሆና በመስታወቱ በኩል ፊደሎቹን ከጀርባቸው ለማንበብ ስትታገል ቆየች። አልሆን ሲላት ወጣች።

«አንተ ልጅ፣ ‹መሽተት የጀመረበት› ያልከው ምንድን ነው? ደንበኞቼን ልታባርርልኝ ነው?»

«እታለም፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ፍራሼን በጫማ የሚረግጥ የለም ያልሽው?»

«ጫማ አልኩህ እንጂ ካልሲ መርምር አልኩህ?»

«እሺ፣ ሽታውን ላውጣው?»

«ተወው» አለች ትንሽ አስባ። «ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩም ይመጣል ብለሃል። ተወው፣ ይቆይ።»

ሹክሹክታ በመደብሩ ጓዳ የፍራሽ ልብስ ይሰፋል። አልበሙን የቀዳውም እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። አሳታሚ የለው፣ ስቱዲዮ የለው፤ ያለው ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ ድምፅ ይበላል። ወፋፍራሞቹን ፍራሾች በአራት ማዕዘን አቁሞ፣ አንዱን ስስ ከላይ እንደ ጣሪያ አጋድሞ፣ ጊታሩንና ማይኩን ይዞ መሀላቸው ገባ። ውስጡ ጭር ከማለቱ የተነሣ የገዛ ደሙ ሲዘዋወር ይሰማው ነበር። ከእናቱ ሆድ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቶ አያውቅም።

ችግሩ ግድግዳው ሸቀጥ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን በሙሉ ግድግዳ ተቀዳ። ሁለተኛው ላይ የግራው ግድግዳ ለአንድ ጡረተኛ ተሸጠ። አራተኛው ላይ ጣሪያው ሄደ። አምስተኛውን እየቀዳ ሳለ አንዲት ሴትዮ የፊቱን ግድግዳ ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባችና «ይሄኛው ለወገብ ጥሩ ነው?» አለች። አዘፋፈኑ አምሮለት ስለነበር መጣሉ አሳሳው፤ አልበሙን የሰማ ሁሉ የሴትዮዋን ወገብ አብሮ ይሰማል። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ግድግዳ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ድምፁ በባዶው መጋዘን ውስጥ እየተንከራተተ ይመለሳል። እንግዲያው ይለይለት ብሎ ነጎድጓድን ድራም እንዲመታ ጠራው። ነጎድጓድ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ከዛገ ብረት ጋር ሲጣላ የዋለ ሰው ስለሆነ ድራሙንም የሚመታው ቂም እንዳለው ሰው ነው። አልበሙ «ግድግዳው ተሸጠ» ተባለ።

እንግዲህ በከተማው ትልቁ አዳራሽ በመጪው ወር ኮንሰርት አለ። ለሦስት ዘፋኞች ቦታ አለው፤ ሁለቱ ተይዘዋል። ሹክሹክታ አልበሙን ለኮንሰርቱ አዘጋጅ ላከ፤ ሰውየውም ይደውላል ተብሎ ባልታሰበበት ቀን ደወለ።

«አልበምህ ከመታፈን ወደ ነፃነት የሚደረግ ጉዞ ነው» አለው። «ድምፁ ከዘፈን ወደ ዘፈን እየሰፋ፣ እየተከፈተ… ለመሆኑ እንዴት አሰብከው?»

ሹክሹክታ ፍራሹ ተሸጦብኝ ነው ማለት አፈረና «እንዲሁ መጣልኝ» አለ።

«ግን ወንድሜ፣ አዳራሽ መኝታ ቤት አይደለም። ስታስመርቅ እመጣለሁ። ያንን ሰባተኛውን፣ ድራም ያለበትን፣ ፊቴ ተጫወትልኝ። ሰውን ከተቀመጠበት ካስነሣኸው ሦስተኛው ቦታ ያንተ ነው። ካልሆነ ጥሩምባ የሚነፉ ልጆች በር ላይ ቆመውብኛል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሹክሹክታ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ቆየ። ስንት ዘመን ለስፖንጅ ዘፈነ! ስፖንጅ ሁሉን ይሰማል፤ አያጨበጭብም። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ብድግ ሲልለት ማየት፣ ይኼን ብቻ ነው የሚፈልገው። መርፌው ላይ ያለውን ጨርቅ ረስቶ ሁለት የትራስ ልብሶች አንድ ላይ ሰፋ።

እህቱ ደስ አላት፤ ደስ ያላት መሆኑን ግን እንደ ልማዷ በስድብ ነው የገለጸችው። «አዳራሽ ገብተህ እንዳታሳፍረኝ። ሸሚዝህን ተኩስ።» ዓይኖቿ እንደ ሁልጊዜው ደም ለብሰዋል።

ይህቺ ሴት ፍራሽ ስትሸጥ ለጉድ ነው። «ይሞክሩት፣ ጋደም ይበሉ፣ አይፈሩ» ትላለች። ስለ ስፖንጁ ልስላሴ ዝቅ ባለ ድምፅ ስታወራ፣ ቆመው የገቡ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ሲያንቀላፉ ታይተዋል። ራሷ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሐኪም ቤት ሄደች፣ ኪኒን ዋጠች፣ የሞቀ ወተት ጠጣች፤ ምንም። ሌሊቱን በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታነጋለች። ለወንድሟ አንድ ቀን ብቻ ነው የነገረችው፤ «አልጋው ሰፋብኝ» አለችው። ከዚያ ወዲያው ቆጣ ብላ፣ «ለማንም ትንፍሽ ብትል ወንድሜ አይደለህም። ፍራሽ ሻጭዋ እንቅልፍ የላትም ከተባለ ማን ይገዛኛል?» አለች። እሱም ማለ።

እሁድ ደረሰ። ፍራሾቹ ከላስቲካቸው ወጥተው፣ ነጭ አንሶላ ለብሰው፣ ወለሉ ላይ ወደብ እንደገቡ ጀልባዎች ጎን ለጎን ተኙ። በመስታወቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ በአየሩ ላይ የሚንሳፈፈውን የስፖንጅ ብናኝ ወርቅ አስመስሎታል። በር ላይ የጫማ ክምር አደገ። ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ የታክሲ ሹፌሩ መጣ፤ ጡረተኛውም የገዛውን ግድግዳ ዘፈን ልስማ ብሎ መጣ። ስለ ሙዚቃው ምንም የማያውቁ ሁለት እጮኛሞችም ገቡ።

«እኛ እንኳን ፍራሽ ልናይ ነበር» አለች ልጅቷ በሰው ብዛት ተደናግጣ።

«ይኸውላችሁ፣ ተኙበት» አለች እህትየው። «ሙዚቃው ምርቃት ነው።»

በመጨረሻ አዘጋጁ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ደረሰ። ማስታወቂያውን አነበበ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ ሌላ ምርጫ እንደሌለው ሲገባው ጫማውን አወለቀ። አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብላ ቤቱን ቃኘች። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም እኩል ነው ተብሏላ! ከፊት ያለው ፍራሽ ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ፈታኝ ተቀመጠ። ነጎድጓድ ከድራሙ ኋላ ሆኖ ጣቶቹን ያንቋቋል። ተራው ገና ሰባተኛው ላይ ነው።

ሹክሹክታ ጀመረ። በመጀመሪያው ዘፈን ሰዎቹ ተቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ክርናቸውን ተደገፉ። ሦስተኛው ሲያልቅ የቆመ ነገር ቢኖር የማይኩ ዘንግና የአዘጋጁ ጀርባ ብቻ ነበር። ማጨብጨብ ተጀምሮ፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ፣ አንሶላ እንደ መዳበስ ያለ ድምፅ ሆኖ ቀረ።

አራተኛው ያለ ውኃ በከተማ መንገድ ላይ ስለምትሄድ ጀልባ ነው። በየመስኮቱ ሥር ቆም እያለች ሰው ታሳፍራለች፤ ማንንም ወዴት ነህ አትልም።

«ቀስ በይ ጀልባዬ፣ ሂጂልኝ በዝግታ፣
ሰፈሩን ጭነሻል ከነእንቅልፉ ላፍታ።»

አዝማቹን ለሁለተኛ ጊዜ ሲል ቀና አለና እህቱን አያት። ለደንበኛ ምሳሌ ልሁን ብላ አንድ ፍራሽ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አሁን ጎኗ አንሶላውን ነክቷል። አንድ እጇ ከፍራሹ ወርዶ ወለሉን ይነካል፤ ሻሿ ተንሸራቶ ግንባሯ ላይ ቆሟል። አፏ ተከፍቷል። በመጀመሪያ የታመመች መስሎት ጣቱ አንድ ክር ሳተ። ከዚያ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ሲነሣ፣ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየ። አንዲት ቀጭን የማንኮራፋት ድምፅ መጣች፤ ሸቀጧን የምታስተዋውቅ ድምፅ።

አምስተኛውንና ስድስተኛውን እንዴት እንደዘፈናቸው አያውቅም። ብቻ ድምፁን ከሹክሹክታም በታች አወረደው፤ ቃላቱ ከአፉ ሲወጡ ከብናኙ ጋር ተቀላቅለው በፀሐይዋ ውስጥ ሲንሳፈፉ የሚያያቸው መሰለው። መስታወቱም፣ መንገዱም፣ መንገዱ ላይ የሚያልፉት መኪኖችም ራቁ። መደብሩ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ የሚሄድ መሰለው። ፀጉር አስተካካዩ የሌላ ሰው እግር አቅፏል። እጮኛሞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ትንፋሽ ይተነፍሳሉ።

ስድስተኛው አለቀ። አዘጋጁ መነጽሩን አወለቀ፤ ከሥሩ የወጡት ዓይኖች ደግ ዓይኖች ነበሩ። ፈገግ ብሎ በጣቶቹ ሰባት አሳየ። ነጎድጓድ ሁለቱንም ዱላዎች ከጭንቅላቱ በላይ አነሣ።

ሹክሹክታ አዳራሹን አየው። ሰው ሁሉ ብድግ ሲል፣ መብራቱ ሲበራ፣ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ሲንጠለጠል አየ። እህቱንም አያት። ከንፈሯ ጥግ ላይ ትንሽ ምራቅ ነበር፤ ፊቷ የልጅነቷን ፊት መስሏል፣ እሱን አዝላ ሱቅ የምትላክበትን ዘመን።

መዳፉን ዘርግቶ ተው አለ። ነጎድጓድ ግን ማቆም ያልተማረ ሰው ነው፤ ዱላው መውረድ ጀምሯል። ሹክሹክታ ካጠገቡ ያለውን ትራስ መንጭቆ ድራሙ ላይ ወረወረው።

ዱፍ።

እህትየው ተንቀሳቀሰች። «በሩ ተዘጋ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ተዘግቷል፣ እታለም» አላት በማይኩ፣ በዘፈኑ ድምፅ።

«እህ» አለችና ፊቷን ወደ ሌላው ጎን አዙራ እንደገና ሰመጠች።

«አብደሃል እንዴ?» አለ ነጎድጓድ በከንፈሩ ብቻ። «ሰውየው እያየህ እኮ ነው! ሰባት! ሰባት!»

ሹክሹክታ ወደ ጀልባዋ ተመለሰ። አዝማቹን አንዴ አዜመው፤ ደገመው፤ ከዚያ መቁጠሩን ተወው። ነጎድጓድ ትንሽ ተቆጥቶ፣ ትንሽ አኩርፎ፣ በመጨረሻ እጁ ሥራ መፍታት ስለማያውቅ በጣቶቹ ጫፍ ትራሱን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። እንደ ዝናብ መጀመሪያ ያለ ድምፅ ነበር፤ ከእሱ እጅ ይወጣል ብሎ የገመተ አልነበረም።

አዘጋጁ ጠበቀ። ሰዓቱን አየ፤ ተነሣ፤ በካልሲው ያለ ኮቴ በተኙት መሀል እየተሹለከለከ ወደ በር ሄደ። ሹክሹክታ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ተከተለው፤ ጣቶቹ ክሮቹን አልለቀቁም። በሩ ላይ፣ ሰውየው ከክምሩ ውስጥ ሁለተኛ ጫማውን ሲፈልግ፣ ሙዚቃው በመሀላቸው ቀጠለ።

«ሰባተኛውስ?» አለ አዘጋጁ። ሳያስበው እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ዛሬ የለም።»

«ዛሬ ከሌለ እኮ የለም ማለት ነው። ለጥሩምባዎቹ ልደውል?»

ሹክሹክታ ክሩን ሲነካ ትንሽ ዘገየ። «ይደውሉላቸው» አለ።

አዘጋጁ ጫማውን አገኘ፤ አላጠለቀውም። እጁ ላይ ይዞት ቆመ። «እኔ እኮ ልወስድህ ነው የመጣሁት። ልቤ ተነሥቶ ነበር። ቢያንስ ምክንያቱን ንገረኝ። ፈራህ?»

«አልፈራሁም።»

«ከድራመሩ ጋር ተጣላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ አንድ ሰው የሕይወቱን ዕድል በትራስ የሚያፍነው ለምንድን ነው?»

ሹክሹክታ ዞር ብሎ ወደ ውስጥ፣ ወደ ተኛችው እህቱ አየ። ጣቶቹ ጀልባዋን ሌላ መስኮት አሳለፏት።

«አልነግርዎትም» አለ።