ሳቂታው ከማግኔቱ ውስጥ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ሳቂታው» ይለዋል። ዕድሜው ሰባን ቢሻገርም ጥርሱ እንደ ጎረምሳ ጥርስ የተደረደረ ነውና ለመሳቅ ሰበብ አይፈልግም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ግራ ዓይኑ እየደበዘዘ መቀስ መያዝ አቁሟል። ሐኪሙ ከዓይኑ ጀርባ ነርቩን የሚጫን ነገር እንዳለ ለማየት በትልቅ ማግኔት የሚሠራውን የኤምአርአይ ምርመራ አዘዘለት።

«አባባ፣ በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» አለችው የምርመራ ማሽኑ ባለሙያ። «ልብ ላይ፣ አጥንት ላይ፣ ጥርስ ላይ የተደረገ?»

«ኧረ የለም!» ሚስቱ ቀደመችው። «ጥርሱን እዪለት እስቲ! አንድም ቀን ሐኪም ነክቶት አያውቅም። እኔስ ያገባሁት ለዚሁ ጥርሱ አይደል?»

ሳቂታው ሳቀ። «የለም» አለ።

ባለሙያዋ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ነበር የምትጠይቀው፤ አንዴ ቤተሰብ ባለበት፣ አንዴ ታካሚውን ለብቻው። ዛሬ ግን ሰውየው ጠባብ ቦታ ይፈራልና «ከሷ ጋር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» አለ። ሚስቱም ስለ ብረት ተጠይቃ፣ ሐብሏንና የፀጉር ሽቦዋን አስቀምጣ አብራው ገባች። ሁለተኛው ጥያቄ በዚያው ተዘለለ።

ማሽኑ መንኳኳት ጀመረ። ሚስቱ እግሩን ይዛ ቆመች። ከመስታወቱ ማዶ ያለችው ባለሙያ ምስሉን ስታይ ከአፍ እስከ ዓይን ግርጌ ጥቁር ጉድጓድ ተከፍቷል። ዳሩ ያበራል፤ ከበላዩ ያለው ዓይን እሳት እንዳየ ሰም ተጣሟል። ሥጋ እንዲህ አያደርግም። ወዲያው አቁማ አወጣችው፤ ሚስቱን «እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለቻት።

«አባባ፣ አፍዎ ውስጥ ብረት አለ።»

«የለም አልኩሽ እኮ የኔ ልጅ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ምስሉን አሳየችው። «ብረቱ ነው እንዲህ ያጠቆረው። ነርቩ እዚህ ስር ነው። እንደዚሁ ሐኪሙ ጋ ቢሄድ ዓይንዎን የሚጎዳውን ማንም አያየውም።»

ሳቂታው ጉድጓዱን በአንድ ዓይኑ ትኩር ብሎ አየው።

«ከሷ ጋር ሳንተዋወቅ በፊት ከብስክሌት ወድቄ ነው ጥርሴ የረገፈው» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ልጆች ወለድን፤ ልጆቹም ወለዱ።»

ፊቱን አዙሮ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አወጣው። ከነጮቹ ጥርሶች ኋላ ቀጭን የብረት መያዣ አለ። ደግነቱ ማግኔቱ በኃይል የሚስበው ዓይነት አልነበረም፤ ባለሙያዋ ተቀብላ ከክፍሉ ውጭ አስቀመጠችው።

«እሷን እንዳታስገቢ» አለ። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሰው መስሏል።

ብቻውን ገባ። ወዲያው እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥቁሩ ጉድጓድ ጠፍቷል፤ ምስሉ ግን ድርብርብ ሆኖ ወጣ። ደገሙት፤ ያው ነው።

«አባባ፣ ካልተረጋጉ አይነበብም» አለችው በማይክሮፎኑ።

ሳቂታው ሲጨንቀው እንዲጨምቃት የተሰጠችውን የጎማ ኳስ ጨመቃት። ሲወጣ አፉን በመዳፉ ከድኗል።

«ጥሪያት።»

ሚስቱ ገባች። እጁን አወረደ። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ መልሳ አፉን አየችው።

«አንተ ሰውዬ! ማታ ማታ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፈህ የምትቆየው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ፀጉርህን በድብቅ ቀለም የምትቀባ መስሎኝ ስንት ዓመት ስታዘብህ!»

«ተቀየምሽኝ?»

«ቤታችን ስንገባ እነግርሃለሁ። አሁን ተኛ፤ ደግሞ አትንፈራገጥ!»

እግሩን ከቅድሙ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ነርቩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ወጣ። አተር የምታክል፣ ዳሯ ለስላሳ የሆነ እብጠት ተደግፋበታለች። ባለሙያዋ ለካቻትና ምስሉን ለሐኪሙ ላከች።

«ታየ?» አለ ሳቂታው ከውስጥ፣ ቃሉ በድዱ እየተንሸራተተ።

«ታየ አባባ። ሐኪሙ ዛሬውኑ ያነጋግርዎታል።»

«ሁለታችንንም ነው የሚያነጋግረው» አለች ሚስቱ፣ እግሩን ሳትለቅ።