ሦስቴ ሄጄ ያልጠየቅኳት

…እና አልኩት፣ በቃ ከአፌ ወጣ፣ አምስቱ የኮሚቴ አባላት ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ አልኩ፣ አዲስ መረጃ ተገኝቷል አላልኩም፣ ሁኔታዎች ተለውጠዋል አላልኩም፣ ተሳስቻለሁ፣ ሴትየዋ ልጆቿን አልጣለችም፣ እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የጻፍኩት፣ እና አሁን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳቄ ይመጣል፣ ምን ያስቃል ደግሞ፣ ውሳኔው ገና ነው፣ ውጪ ጠብቁ ነው ያሉን፣ ግን ቀለለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳልኝ። እፎይ። ቆይ፣ ገና ነው። ግን እፎይ።

እናትየው ከወንበሩ ማዶ ጫፍ ላይ ናት። በመሃላችን ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። አታየኝም፣ ባታየኝ አልፈርድባትም፣ ሁለት ሴት ልጆቿን በእኔ ፊርማ ነው የወሰዱባት፣ ትልቋ ሰባት ዓመቷ፣ ትንሿ ገና ሁለት፣ ሕፃናት ማቆያ ከገቡ ዛሬ አስራ ዘጠኝ ቀናቸው፣ በዚያ በር ውስጥ ያሉት ሰዎች ይመለሱ ካላሉ ስድስት ወር ነው የሚጨመርባቸው፣ ስድስት ወር ለሁለት ዓመት ልጅ ምን ማለት ነው፣ የእናቷን ፊት ትረሳለች፣ አትረሳም፣ ትረሳለች፣ ኧረ ዝም በይ አንቺ ሴት።

ዘጠኝ ዓመት ፀጉር ስሠራ እንዲህ ያለ ጥፋት አጥፍቼ አላውቅም፣ ቢበዛ የሰው ጆሮ ባቃጥል ነው፣ ይቅርታ እላለሁ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ አለቀ። ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በመስታወቱ እያዩኝ ሆዳቸውን ይዘረግፉልኝ ነበር፣ ባሏ የሚመታት፣ ወንድሟ ከቤት ያስወጣት፣ እናቷ ዓይኗ የጠፋባት፣ እና ምን ልበላት፣ እንዲህ የሚባል ቢሮ አለ ሂጂ አልላት ነገር፣ አላውቅማ፣ አይዞሽ ብዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስቀምጣታለሁ፣ ማሽኑ ሲጮህ ወሬው ያበቃል። ያ ነው ያንገበገበኝ። አራት ዓመት ማታ ማታ ማኅበራዊ ሥራ ተማርኩ፣ እማዬ ለሰው እንባ ደሞዝ የሚከፍል ማን ነው አለች፣ ወንድሜ ደግሞ ያው በነፃ ስትሰሚው የኖርሽውን ሐሜት በዲግሪ ልትሰሚው ነዋ አለ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ላይ ተመረቅኩ። አዳምጡ፣ አትፍረዱ፣ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ፣ ይሄ ነው ሥራው ብለው ያስተማሩን። ማዳመጥ ላይ ኤ ነው ያገኘሁት። ድንቄም ኤ!

የቢሮው መኪና አንድ ነው፣ ማኅበራዊ ሠራተኛው ዘጠኝ፣ የእኔ ተራ ማክሰኞ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው፣ ብትታመሚም ብትሞቺም ማክሰኞ፣ አንድ ጎረቤት ስልክ ደውሎ እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች ሕፃኗ ታለቅሳለች ብሎ ጠቁሟል፣ ሄድኩ፣ አራት ሰዓት ላይ አንኳኳሁ፣ ተኝታለች። በሳምንቱ ሄድኩ፣ አራት ሰዓት፣ ተኝታለች። በሦስተኛው ዓይኗ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ አንድ እጇን መቃኑ ላይ ደግፋ ቆመች፣ ከኋላዋ ትንሿ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በማንኪያ የድስት ክዳን ትደበድባለች፣ እና እኔ፣ ኤ ያገኘሁት እኔ፣ ትጠጫለሽ እንዴ አልኳት። ምላሴን በቆረጠው። በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው፣ እኔም መኪና ውስጥ ገብቼ ሹፌሩ ሳይነሳ ጻፍኩ፣ ተገልጋይዋ በተደጋጋሚ በሥራ ሰዓት ተኝታ ተገኝታለች፣ ለሕፃናቱ በቂ ክትትል የለም፣ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለችም፣ ጊዜያዊ ማቆያ ይመከራል። ተገኝታለች! የተሰረቀ ዕቃ ይመስል። በሥራ ሰዓት፣ በማን የሥራ ሰዓት፣ በእኔ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ልጆች ናቸው።

ትልቋ ልጅ ባትናገር ኖሮስ። ያለፈው ሳምንት ማቆያው ሄድኩ፣ ያው ጉብኝት ነው፣ ቅጽ አለው፣ እንዴት ነሽ አልኳት፣ ደህና፣ ምግብ ትበያለሽ፣ እበላለሁ፣ ትንሿስ፣ ማታ ማታ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ጣቷን ቅጼ ላይ እያንቀሳቀሰች፣ ጠዋት ለእማዬ ማን በር ይከፍትላታል አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው የኔ ቆንጆ። እኔ ነኛ የምከፍትላት፣ ከሥራ ስትመጣ፣ ትንሿ እንዳትነቃ በጥፍሯ ብቻ ነው የምታንኳኳው፣ እኔ እሰማታለሁ። ከሥራ? ከሥራ ነዋ፣ ሆስፒታል ታጥባለች፣ ሌሊት ነው የሚታጠበው፣ ቀን በሽተኞች ይረግጡታላ። እንዲህ አለችኝ፣ ለሞኝ ሰው እንደሚያስረዱ ቀስ ብላ፣ እኔም ነጭ ወረቀት ሆንኩ።

በማግስቱ ማንንም ሳልጠይቅ፣ መኪናም ሳልጠብቅ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እሰፈሯ ደረስኩ፣ የመብራት ግንድ ስር ቆምኩ፣ መጣች፣ ከጃኬቷ ስር ሰማያዊ የጽዳት ሽርጥ ወጥቶ ይታያል፣ እግሯን እየጎተተች፣ ዳቦ በላስቲክ ይዛለች፣ በሩ ጋ ደረሰች፣ እጇን አነሳች፣ በጥፍሯ አንኳኳች። ጠበቀች። ከዚያ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ውስጥ ማንም የለም፣ ከቦርሳዋ ቁልፍ ፈለገች። እዚያው ግንዱን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ጎዳና ጠራጊው አይዞሽ እህቴ ያልፋል አለኝ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው የሚያልፍልኝ። ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልኩ፣ የሆስፒታሉ የጽዳት ኃላፊ ጋ ሄድኩ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረችም አለኝ፣ ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ፣ ሌሊት ሌሊት ከልጆቹ ጋ የሚያድሩት እሳቸው ናቸው ለካስ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ አንቺ ነሽ የወሰድሽብን አሉኝ፣ እኔ ነኝ እትዬ አልኩ፣ ታዲያ ቁጭ በይ አሉኝ፣ ከመቀመጥ በቀር ምን እላለሁ።

ትናንት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ዘረገፍኩት፣ አለቃዬ ሠላሳ ዓመት ይሄን ሥራ የሠራች ሴት ናት፣ አትጮህም፣ ብትጮህ ይሻል ነበር፣ ማስተካከያውን ጽፌ ሰጠኋት፣ አዲስ መረጃ በመገኘቱ ይላል፣ አነበበችና በሁለት ጣቷ ወደ እኔ መለሰችው። መረጃው አዲስ ነው? አይ… አልኩ። ሦስት ዓመት የሠራችበት ሥራ ለማን ነው አዲስ የሚሆነው፣ ለአንቺ ነው፣ ስላልጠየቅሽ ነው፣ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው። ልባረር እችላለሁ እኮ፣ የሙከራ ጊዜዬ አርብ ነው የሚያልቀው። ትችያለሽ ልጄ፣ አዲስ መረጃ ብለሽ ከገባሽ ግን እናጣራ ይላሉ፣ ማጣራቱ ወር ይፈጃል፣ ልጆቹ እዚያው ይከርማሉ፣ ምረጪ። ምኑን እመርጣለሁ፣ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ ጻፍኩት፣ አራት መስመር፣ አራት መስመር ለመጻፍ ይሄ ሁሉ ላብ።

እና ቅድም ውስጥ ሰብሳቢው፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰውዬ፣ ሦስት ጊዜ ሄደሽ ሥራሽ ምንድነው ብለሽ አልጠየቅሻትም አሉኝ፣ አልጠየቅኳትም ጌታዬ፣ ለምን፣ ለምን ይሉኛል እንዴ፣ የማውቀው መስሎኝ ነው አልኩ፣ አንዷ የኮሚቴ አባል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እንግዲህ የፈለጉትን ያርጉኝ፣ ያባሩኝ፣ መቀሴ እንደሆነ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ልጆቹ ብቻ ይመለሱ፣ ይመለሱ እና እኔን ፀጉር ሥሪ ይበሉኝ፣ የከተማውን ሴት ሁሉ ፀጉር እሠራለሁ። በሩ ለምን አይከፈትም? ሰዓቴ ቆሟል እንዴ። እናትየው ጥፍሯን ትመለከታለች፣ ኬሚካል የበላው ጥፍር፣ ይሄን ጥፍር አይቼዋለሁ፣ መቃኑ ላይ፣ ዓይኔ የት ነበር።

ተከፈተ።

ጸሐፊዋ ናት፣ ወረቀት ይዛለች፣ ፊቷ ምንም አይልም፣ የጸሐፊ ፊት፣ ቆምን፣ ሁለታችንም እኩል ቆምን፣ ኮሚቴው የቀረበለትን ማስተካከያ መርምሮ፣ ቶሎ በይ፣ የሥራና የጎረቤት ማረጋገጫዎችን ተመልክቶ፣ ኧረ ቶሎ በይ አቦ፣ ሕፃናቱ ወደ ወላጅ እናታቸው እንዲመለሱ ወስኗል። ወስኗል! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ግድግዳውን ያዝኩ፣ እናትየው አታለቅስም፣ አትጮህም፣ ወረቀቱን ሳይሆን የጸሐፊዋን አፍ እያየች፣ ዛሬ? አለች። ዛሬ። አሁን? አሁን፣ መኪና አለ። አለቃዬ ከጸሐፊዋ ኋላ ወጣች፣ አጠገቤ ስታልፍ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሙከራ ጊዜሽን ሦስት ወር አራዝሜዋለሁ አለችኝ፣ ተራዘመ! ሰው ሙከራው ሲራዘምበት ይከፋዋል፣ እኔ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ፣ አትቀፊኝ አለች፣ ሂጂ ልጆቹን አድርሺ።

መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጠናል፣ አሁን መሃላችን ያለው የእኔ ቦርሳ ብቻ ነው፣ ሹፌሩ በመስታወቱ ያየናል፣ እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እህት ይላታል፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ትለዋለች፣ የሰው ድምፅ አላት ለካስ፣ ለስላሳ፣ እኔን ግን ዝም። መንገዱ ተዘጋጋ፣ ሹፌሩ ይራገማል፣ እኔ ቃል እመርጣለሁ፣ ከልብ እናዝናለን አይሆንም፣ የደብዳቤ ነው፣ ይቅርታ አልኳት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩሽም። በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች፣ ብትጠይቂኝም አልነግርሽም ነበር አለች። ለምን? ሌሊት ነው የምሠራው ብልሽ ምን ልትጽፊ፣ ልጆቿን ሌሊት ጥላ ትወጣለች፣ ደግሞ ሌሊት ሥራ ስትሰሚ ሌላ ነገር ታስቢያለሽ። እውነቷን ነው፣ አስብ ነበር፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አላስብም ልበላት? አስብ ነበር አልኩ። ያኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይቅርታሽን አሁን አልመልስልሽም፣ አሁን አትጠይቂኝ፣ ልጆቼን ልያቸው። እሺ። እሺ፣ ይሄም ይበቃኛል፣ ከይሉኝታ ይቅርታ እውነተኛ ቁጣ ይሻላል፣ ቀላል ነው አተነፋፈሴ፣ እንዲህ ቀላል መሆን የለበትም እኮ፣ ነው ግን።

የማቆያው ሳሎን የወለል ማጽጃ ፌኖል ይሸታል፣ ወንበሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሞግዚቷ እየጠራች ገባች፣ እና ትልቋ መጣች፣ አልሮጠችም፣ ፈጥና ተራመደች፣ ከዚያ ሮጠች፣ እናቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች፣ ምነው ቆየሽ እማዬ፣ ምነው ቆየሽ፣ እናቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ትንሿ ግን በሩ ላይ ቆማለች። ታያለች። ጣቷ አፏ ውስጥ ነው፣ ታያለች፣ አትንቀሳቀስም፣ አምላኬ፣ ረስታታለች፣ አስራ ዘጠኝ ቀን፣ እኔ ነኝ፣ በእኔ እጅ፣ ነይ የኔ ማር ትላታለች እናቷ፣ ነይ እንጂ፣ አትመጣም፣ ፊቷን ወደ ሞግዚቷ ቀሚስ ታዞራለች፣ እናቷ አልጠራቻትም ከዚያ በኋላ፣ ዝም ብላ እጇን ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ትንሿ አንድ ጊዜ በግማሽ ዓይን፣ እንደገና በሙሉ ዓይን፣ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ እማ አለች፣ እንደ ክስ ነው ያለችው፣ እማ! ብላ እጇ ላይ ወደቀች፣ ተቆጥታ በትንሿ ጡጫዋ ደረቷን ትመታታለች፣ ምቺኝ ትላታለች እናቷ እየሳቀች፣ ምቺኝ የኔ እናት፣ እኔም የምስቅ ይሁን የማለቅስ አላውቅም፣ ሁለቱም ነው።

ሞት ይርሳኝ፣ ቅጹ። የርክክብ ቅጽ፣ ሦስት ቅጂ፣ እያንዳንዱ ላይ ፊርማ፣ ለደስታም ቅጽ አለው ይሄ ሥራ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ ትልቋ ሻንጣዋን ልታመጣ ሄዳለች፣ እናትየው ትንሿን ታቅፋ በአንድ እጇ እስክሪብቶ ልትይዝ ትሞክራለች፣ ወረቀቱ ይሸሻታል፣ ሞግዚቷ ፈገግ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ወዲህ በያት እኔ ልያዝልሽ፣ ለምዳኛለች። እናትየው ሞግዚቷን አየቻት፣ ልጇን አየቻት፣ ከዚያ ዞረች፣ ወደ እኔ፣ ወደ እኔ ነው የዞረችው፣ እኔም ወደ ኋላ ዞሬ ሌላ ሰው መኖሩን አየሁ፣ ማንም የለም።

ያዥልኝ አለችኝ።

ያዝኳት፣ እንዴት እንደያዝኳት አላውቅም፣ ሞቃት ናት፣ ከባድ ናት፣ ሪፖርቴ ላይ በግምት አስራ ሁለት ኪሎ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ከዚያ ትበልጣለች፣ እናትየው ተቀምጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ከአናቱ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፣ ያኔ ሲወስዱባት አላነበበችም፣ አሁን እያንዳንዱን መስመር ታነባለች፣ ሹፌሩ በር ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያሳየኛል፣ በዓይኔ ዝም በል አልኩት፣ ቀና ብላ አየችን፣ እኔንና ልጇን፣ ይቅርታ አስቆየኋችሁ አለች።

ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ ይዤአታለሁ።